ወፍ አለ

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ካሜራዬን በመስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፌ የጓሮውን ሬት ስጠብቅ ጎረቤቴ ጋሼ በአጥሩ በኩል አዩኝ። ጡረታ የወጡ፣ ቁም ነገር የሚያውቁ፣ ለሰፈሩ የሚቆረቆሩ ሰው ናቸው። «ልጄ፣ ወፍ ማየት ካማረሽ ባሌ ሂጂ እንጂ! እዚህ ምን ወፍ አለና ነው?» አሉኝ። ይህን ሲሉ ከኋላቸው፣ በቤታቸው ቆርቆሮ ጠርዝ ላይ፣ ሦስት ርግቦች ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። መልካቸው አመድማ ነው፤ ማጅራታቸው ላይ ነጭ ማተብ ያሰሩ ይመስላሉ። እነዚህ ርግቦች ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። ጋሼ ዘወር ቢሉ ያዩዋቸው ነበር። አላሉም።

ነገሩ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሳሁ። ከዘመዶቼም፣ ከሥራ ባልደረቦቼም፣ ፎቶ ማንሳት ከሚወዱ ወዳጆቼም የምሰማው ይህንኑ ነው። ወፍ ማየት የፈረንጅ ነገር ነው ይሉኛል፤ የኛ ሰው ሲያደርገው ሥራ ፈትነት ነው። ሊታይ የሚገባው ወፍ ያለው ሩቅ አገር፣ ፓርክ ውስጥ፣ በላንድክሩዘር ተሂዶ ነው። ግቢ ውስጥ የሚንጫጫው ግን ስምም፣ ወገንም የሌለው እንዲሁ «ወፍ» ነው። የአዲስ አበባ ልጅ አንድ ነገር ጨርሶ እንደሌለ ሲናገር «ወፍ የለም» ይላል። አባባሉ በዋዛ ይነገራል፤ ከተማችን ግን ከልቧ አምናበት የምትኖር ይመስለኛል።

እኔ ደግሞ ወፍ አለ ባይ ነኝ። በየቤታችን ጓሮ፣ በየቆርቆሯችን ጠርዝ፣ በየልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አለ። ከዚህም አልፌ እላለሁ፦ ወፍን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከቤቱ ግቢ የተሻለ ቦታ የለውም። ፓርክ ሄዶ አንድን ወፍ ለአምስት ደቂቃ ማየት ደስ ይላል፤ እሱ ግን መተዋወቅ ነው እንጂ ማወቅ አይደለም።

«የፈረንጅ ነገር» ከሚለው ልጀምር፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና። እናቴ ያደገችው በቆቦ፣ በማሽላ አገር ነው። ማሽላው ዘለላ ጥሎ ፍሬ መያዝ ሲጀምር በማሳው መካከል ማማ ይተከላል፤ ልጆች ወንጭፍና ጅራፍ ይዘው ይወጡበታል፤ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ወፍ ይጠብቃሉ። እናቴም እንደ እኩዮቿ ጠብቃለች። ስታወራልን የሚገርመኝ የምታውቀው ዝርዝር ነው። ግሪሳ ሲመጣ ከመንጋው ቀድሞ እንደ ሩቅ ዝናብ የሚሰማ ድምፅ አለው። አንዱ ወፍ ወተት የያዘውን እሸት ይመጥጣል፤ ሌላው እስኪደርቅ ይታገሣል። አንዱን የጅራፍ ጩኸት አገር ያስለቅቀዋል፤ ሌላው ከአንዱ ዘለላ ተነሥቶ ሦስት ዘለላ አልፎ ያርፋል። እህል የማይነካ፣ ትል ብቻ የሚለቅም ወፍ ደግሞ አለ፤ እሱን በወንጭፍ የመታ ልጅ ከሽማግሌዎች ቁጣ አያመልጥም። ያቺ የማሽላ ጠባቂ ሕፃን በቀን 12 ሰዓት ወፍ ስታይ ትውል ነበር። ባይኖኩላር የለ፣ መጽሐፍ የለ። በጠላት ዓይንም ቢሆን፣ ወፍን እንደ ገበሬ ልጅ አተኩሮ ያየ ሰው ከየት ይመጣል?

ማማው ላይ ያልወጣውም ቢሆን ያይ ነበር። መንገደኛ ወፏ በቀኝ ጮኸች፣ በግራ ጮኸች ብሎ ገዱን ይጠይቃል። የማለዳን ሰዓት «ወፍ ሲንጫጫ» ብሎ የሚቆጥር ሕዝብ ነው። የኦሪት ዘሌዋውያንን 11ኛ ምዕራፍ ወደ አማርኛ የመለሱት ሊቃውንት ያን ሁሉ የወፍ ዝርዝር ሲያገኙ ስም አልቸገራቸውም፤ ጋጋኖ፣ እርኩም፣ ይብራ፣ ሳቢሳ፣ ሽመላ እያሉ ከአገሩ አፍ ወስደው ሞሉት። ይህ ሁሉ በእጃችን እያለ ወፍ ማየትን ለባዕድ አሳልፎ የሰጠው ማን ነው? ከማማው ወርደን ከተማ የገባነው፣ ከተማ ስንገባም ዓይናችንን እዚያው ማሽላው ውስጥ ትተን የመጣነው እኛ ነን።

ፈረንጆቹስ ምን ያደርጋሉ? ኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት የተመዘገበባት አገር ስለሆነች ወፍ ብለው ባሕር ተሻግረው የሚመጡ ብዙ ናቸው። የጉዞ ማስታወሻቸውን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ዕድሜ ልካቸውን ሊያዩ የተመኟቸውን ወፎች መመዝገብ የሚጀምሩት ባሌ ደርሰው ሳይሆን አዲስ አበባ በነጋላቸው በመጀመሪያው ጠዋት፣ በሆቴል ግቢ ውስጥ ነው። የጊዮን ሆቴል የአትክልት ቦታ በእነዚህ ማስታወሻዎች ውስጥ ደጋግሞ ይነሣል። ሻንጣቸውን ሳይፈቱ ወርደው ሣሩ ላይ ጋጋኖን ያያሉ። ጋጋኖ ማለት ያ በየማለዳው በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ «ሃ ሃ ሃ» እያለ የሚያልፈው፣ ከእንቅልፋችን የሚቀሰቅሰን ትልቅ ጥቁር ወፍ ነው። ረጅም ቆልማማ መንቆር አለው፤ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን የሥጋ ክር ተንጠልጥሎበታል፤ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ ይታያል። እሱም እንደ ርግቧ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይኖርም። አንድ የውጭ ሰው አንድ ሙሉ ዓመት ገንዘብ አጠራቅሞ የሚያየውን ወፍ እኛ «ረባሽ» ብለን በድንጋይ እናባርረዋለን። መንቆሩን ሣሩ ውስጥ የሚሰካው ግን ሥር የሚበላውን ትል ለማውጣት ነው፤ ለግቢው ባለቤት ያለ ደመወዝ ይሠራል።

የእኔ ግቢ ሰፊ አይደለም። የምኖርበት ቤት ከጓሮ ያለ ሰርቪስ ሲሆን ከፊቱ ያለው መሬት ሁለት መኪና ቢቆምበት ይሞላል። አንድ ወይራ፣ አንድ ያረጀ ኮክ፣ የሬት መደዳ፣ ጥግ ላይ የበቀለ ራስ ክምር፣ የኮሽም አጥር አለው፤ ይኸው ነው። በዚህ መሬት ላይ ባለፉት አራት ዓመታት በፎቶ የያዝኳቸው የወፍ ዓይነቶች 40 ያህል ደርሰዋል። ከነሱ ውስጥ ከርግቧና ከጋጋኖ ሌላ ሁለቱን ልጥቀስ። አንደኛው ማጅራቱ ነጭ፣ መንቆሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ ትልቅ ቁራ ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የለም። ሁለተኛዋ በክረምት ማብቂያ ኮሽሙ ላይ የምታርፍ አረንጓዴ ትንሽ በቀቀን ናት። የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፤ የሴቷ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ነው። ጥንዶቹን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ካየሁ በኋላ ነው ይህን የለየሁት፤ ከዚያ በፊት ሁለት የተለያዩ ወፎች ናቸው ብዬ ነበር።

ግቢ ከፓርክ የሚበልጥበትን ምክንያት ግን ብርቅዬዎቹ አላስተማሩኝም። ያስተማሩኝ ሰው ሁሉ የሚጠላቸው፣ ኮኬን በየዓመቱ የሚበሉብኝ ባለ ረጅም ጅራቶቹ ናቸው። አይጥማ ቀለም፣ ራሳቸው ላይ ጉትዬ፣ ጅራታቸው ከሰውነታቸው የሚረዝም፤ በቡድን እየተከታተሉ ከዛፍ ዛፍ የሚንሸራተቱ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሁሉ አይቷቸዋል፤ ስማቸውን የሚነግረኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሌሊቱ ከብዶ ነግቶ ፀሐይ ድንገት ብልጭ ስትል የወይራው ምሥራቃዊ ቅርንጫፍ ላይ ይወጣሉ። እንደ ሌላ ወፍ አይቀመጡም። በሁለት እግራቸው ቅርንጫፉን በትከሻቸው ልክ ይዘው ይንጠለጠላሉ፤ ሆዳቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ፤ የሆዳቸውን ላባ ገልጠው ቆዳቸውን ያሞቃሉ። ሌሊት ተጠጋግተው እንደ ወይን ዘለላ ተያይዘው ሲያድሩ የሰውነታቸው ሙቀት ይወርዳል፤ የሚበሉት ቅጠልና ፍሬ ደግሞ ሙቀት ካላገኘ ቶሎ አይፈጭላቸውም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ላይ ይሰቀላሉ። እናቴ ይህን ፎቶ ስታይ ብዙ ዝም ካለች በኋላ፣ «ብርድ ያደረበት ሰው ነው የሚመስሉት» አለች።

ቅርንጫፉ ላይ ከሚሰቀሉት ሰባቱ አንዷን በፎቶው ላይ ለየኋት። የቀኝ እግሯ አንድ ጣት የላትም። በዓይኔ ብቻ ባይ ኖሮ ፈጽሞ አላውቀውም ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ አስፍቼ ሳየው ነው የታየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺ ወፍ «ወፍ» መሆኗ ቀረ። በሁለተኛው ክረምትም መጣች፤ በሦስተኛውም። በቅርንጫፉ ላይ ሁልጊዜ ጫፍ ጫፉን ትይዛለች፤ ከመካከል አታውቅም። ምክንያቱ ጣቷ ይሁን፣ ማዕረግ ይሁን ገና እያየሁ ነው። ይህን የመሰለ ነገር በአንድ ቀን የፓርክ ጉብኝት ማን ሊያየው ይችላል? ሰው ጎረቤቱን የሚያውቀው አብሮት ከርሞ ነው።

የሚከራከሩኝ ሰዎች አንድ ጠንካራ ነገር አላቸው፤ እሱን ሳልነካ ባልፍ ክርክሬ ሐቀኛ አይሆንም። እንዲህ ይላሉ፦ «የሩቁ ወፍ ለአገር ገንዘብ ያመጣል፤ አስጎብኚውን፣ ሹፌሩን፣ የሎጁን ሠራተኛ ይመግባል። በእውነት አደጋ ላይ ያለውም እሱ ነው። አንቺ ስለ ጓሮ ርግብ ስታወሪ በነገሌ አቅራቢያ በሊበን ሜዳ ላይ ያለችው ትንሽ የሣር ወፍ ከምድር ልትጠፋ ነው።» ልክ ናቸው። የሊበኗ ወፍ በዓለም ላይ ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ወፎች አንዷ ናት፤ ለእሷ የሚሟገት ሁሉ እጁ ይባረክ። እኔ ግን መልሼ የምጠይቀው አለኝ። ለሊበኗ ወፍ ማን ይሟገት? በቤቱ ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠችውን ለይቶ የማያውቅ የከተማ ሰው፣ ዳኛውም፣ መሐንዲሱም፣ በጀት መዳቢውም፣ ስለማያውቃት አንዲት የሣር ወፍ ምን አንገብግቦት ይነሣል? የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1966 ጀምሮ ይህን አገር ስለ ወፎቹ ሲያስተምር ኖሯል። የሚያስተምረው ሰው ግን ከቤቱ በር ላይ ዓይኑን ያልከፈተ ከሆነ ትምህርቱ የሚያርፍበት መሬት የለውም።

ደግሞም ተራ ወፍ አይጠፋም ያለው ማን ነው? በሰሜን አሜሪካ በቢሊዮን የሚቆጠር አንድ የርግብ ወገን ነበር፤ መንጋው ሲያልፍ ቀኑ ይጨልም ነበር ይባላል። የመጨረሻዋ ማርታ የምትባለው ርግብ በ1914 በሲንሲናቲ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ሞተች። ያን ሁሉ ብዛት አይቶ ያልቃል ብሎ የገመተ ጥቂት ነው። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን መመናመን በጓሯቸው ሊከታተሉ ችለዋል። በ1979 የወፍ ጥበቃ ማኅበራቸው ልጆች በብርዱ ወራት በየቤታቸው ጓሮ ያዩትን ወፍ ቆጥረው እንዲልኩ ጠየቀ። የልጆች ጨዋታ የተባለው ነገር እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። የቤት ድንቢጥ፣ ያቺ ከሁሉ ተራ የሆነችው፣ ከእንግሊዝ ጓሮዎች እንዴት እየመነመነች እንደሄደች በቁጥር ካሳዩት መዛግብት አንዱ ይኸው የጓሮ ቆጠራ ነው። ፓርክ ብቻ ቢጠብቁ ኖሮ ድንቢጧ ስትቀንስ የሚያይ አልነበረም፤ ድንቢጥ ፓርክ ውስጥ ምን ትሠራለች?

እዚያው አገር የሆነ ሌላ ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። በ1921 በደቡብ እንግሊዝ፣ ስዌይትሊንግ በተባለች ቦታ፣ ሰዎች በር ላይ የተቀመጠላቸውን የወተት ጠርሙስ ትናንሽ ወፎች ክዳኑን ቀድደው ቅባቱን እንደሚጠጡበት አዩ። ነገሩ ከመንደር መንደር ሄደ። ጄምስ ፊሸርና ሮበርት ሃይንድ በ1949 የተራውን ሰው ምስክርነት ሰብስበው አንድ ብልሃት ከወፍ ወደ ወፍ እንዴት እንደሚዛመት የሚያሳይ ጽሑፍ አወጡ። ማስረጃው የመጣው ከማን ነው? ወተቷን ልታስገባ በሩን ከከፈተች የቤት እመቤት ነው። ስለ ወፍ አእምሮ ከተጻፉት ታላላቅ ነገሮች አንዱ ከደጃፍ ተነሣ።

«ግቢ የሌለውስ?» የሚለኝ አለ፤ ጥያቄው ይገባኛል፣ እኔም ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ኖሬያለሁ። እዚያ ሳለሁ ጎረቤቶቼ በጋራው ሰገነት ላይ ስንዴና ገብስ ያሰጡ ነበር። ስጡ በተዘረጋ በሩብ ሰዓት ውስጥ ድንቢጡም፣ ቡናማዋ ጥሬ ለቃሚም ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይወርዳሉ። አንዲት እትዬ ልጃቸውን በዱላ አስቀምጠው ያስጠብቁ ነበር። ያ ልጅ የትኛዋ ወፍ ቶሎ እንደምትለምድ፣ የትኛዋ ዱላውን ሳይሆን የልጁን ዓይን እንደምታይ በአንድ ሳምንት ለይቶ ነገረኝ። የእናቴ ማማ አራተኛ ፎቅ ላይ ተተክሎ አየሁ።

አሁን ወደ ካሜራው ልምጣ፤ የፎቶ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ነው የሚሞግቱኝ። ትልቅ ሌንስ የሌለው ሰው ወፍ አያንሳ፣ ተራ ወፍ ያነሣም ሰው ፎቶ አነሣሁ አይበል ይላሉ። ፎቶን እንደ አደን ቆጥረውታል፤ ብርቁን የጣለ ጀግና ይባላል። እኔ የምሠራበት ካሜራ ያገለገለ ነው፤ ከመርካቶ የገዛሁት፣ ሌንሱም መካከለኛ። ወፉ በሦስት ሜትር ላይ ሲመጣልኝ ትልቅ ሌንስ ምን ያደርግልኛል? የሚያስፈልገኝ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ የጠዋቱን ብርሃን ማወቅ፣ ነገም ያው ቦታ መገኘት ነው።

ብርሃንን ያስተማረችኝ ሬቱ ላይ የምትመጣው አበባ ቀሳሚ ናት። ወንዱን ሩቅ ሆኖ ያየው ሰው ጥቁር ወፍ ነው ይላል፤ ከጅራቱ መካከል ሁለት ላባ ረዝሞ ወጥቷል። እኔም ለወራት በማስታወሻዬ «ጥቁሩ» እያልኩ ስጽፈው ኖርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይዋ ከጎኑ ስትመታው ደረቱ ሐምራዊ ሆኖ ነደደ፤ ራሱ የመዳብ፣ ጀርባው የወይን ጠጅ ሆነ። አንገቱን አዞረ፤ ጥቁር ሆነ። መለሰው፤ ሐምራዊ። ላባው ውስጥ ሐምራዊ ቀለም የለም፤ ላባው የተሠራበት ስስ ድርብርብ ነው ብርሃኑን በአንድ ማዕዘን የሚመልሰው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያነሣኋቸው 11 ፎቶዎች የአንድ ወፍ አይመስሉም። «ያየሁት ይኸው ነው» ብዬ የምፈርድ ሰው ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሳልመለስ አልፈርድም።

የሠራሁት ጥፋትም አለ፤ ልናገረው ይገባል። በሁለተኛው ዓመት ይህችው አበባ ቀሳሚ ከኮኩ ቅርንጫፍ ላይ ጎጆዋን አንጠለጠለች። የሸረሪት ድርና የዛፍ ሽበት ለብሶ እንደ ትንሽ ከረጢት የተሰቀለ፣ ከጎኑ በር ያለው ጎጆ ነበር። ከፊቱ ሦስት ቅጠሎች ከለሉብኝ። ሴቷ በሌለችበት ሰዓት ቅጠሎቹን በመቀስ ቆረጥኳቸው። ፎቶው አማረ፤ በሩ፣ ሴቷም ራሷን አውጥታ፣ ሁሉም ግልጽ ሆኖ ወጣ። በማግሥቱ ጎጆው ተቀድዶ፣ ባዶውን በነፋስ ይወዛወዝ ነበር። ማን እንደወሰደው አላየሁም፤ መንገዱን የከፈትኩለት ግን እኔ ነኝ። ፎቶውን ለማንም አላሳየሁም። ከዚያ ወዲህ ጎጆ አጠገብ አልቀርብም፣ ቅጠል አልቆርጥም፣ ወፍ ለመጥራት ድምፅ አላጫውትም። የግቢ ወፍ እንግዳችን አይደለም፤ ቤቱ ነው፤ በቤቱ ማስደንገጥ ነውር ነው።

ከእኔ መቀስ በላይ የሚጎዳ ነገር ግን በየሰፈሩ እየሆነ ነው፤ ስሙም «ማሳመር» ይባላል። ከዚህ በፊት የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ቤቱን ሲያድሱ ጽዱን አስቆርጠው፣ ሣሩን አስነቅለው፣ ግቢውን ከግንብ እስከ ግንብ ሲሚንቶ አስለበሱት። «አሁን ጸዳ» አሉ። ሰው ስለ ንጽሕና ሲያስብ መሬት እንደ ቆሻሻ የሚታየው ከመቼ ጀምሮ ነው? ሲሚንቶ ውስጥ ትል የለም፤ ትል ከሌለ ጋጋኖ አይወርድም። ዝናቡም የሚገባበት አጥቶ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። በየፎቁ ላይ የሚለጠፈው አንጸባራቂ መስታወት ደግሞ ሰማዩንና ዛፉን መልሶ ስለሚያሳይ ወፏ መንገድ ያለ መስሏት በሙሉ ፍጥነቷ ትጋጨዋለች። በመሥሪያ ቤቴ ደጃፍ የወደቀች አንስቼ በእጄ ላይ ሞታብኛለች፤ ምንም ክብደት አልነበራትም።

«ወፍ ዘራሽ» የሚለውን ቃላችንን አስቡት። ሰው ሳይተክለው የበቀለ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን አባት እናቱ ያልታወቀ ለማለት ለስድብ እናውለዋለን። የግቢዬን ወይራ ማንም አልተከለውም። የቤቱ ባለቤት እናት እንደነገሩኝ ከግንቡ ሥር ብቻውን በቅሎ አገኙት፤ «ወፍ ዘራሽ ነው፣ ተይው» ብለው አሳደጉት። ጽዱም፣ ወይራውም፣ ኮሽሙም፣ አጋሙም በወፍ ሆድ አልፎ ነው አገር የሚያለብሰው። ርግቧ ፍሬውን ዋጥ አድርጋ ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥላለች። አሁን ከስድስት ሜትር በላይ የሆነው ያ ወይራ ነው ባለ ጅራቶቹን የሚያሞቅልኝ። እንዲህ ያለ ዘሪ ያለው ሕዝብ ቃሉን ለስድብ ማዋሉ ያሳዝነኛል።

የስሙ ነገርም እንዲሁ። እኛ «ወፍ» ብለን ስናልፋቸው ሌሎች ስም ሰጥተዋቸዋል። በሌሊቱ ማብቂያና በምሽት ከጥሻው ውስጥ የሌሎችን ወፎች ድምፅ እየቀዳ የሚዘምረው፣ ደረቱ ብርቱካንማ የሆነው ወፍ በ1830ዎቹ አገራችንን የዞረው የጀርመኑ ኤድዋርድ ሩፐል ስም ተለጥፎበታል። ነገር ግን ከዚያም በፊት የእኛ ቃል በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ነበር። ያ የመዳብ ራስ ያለው አበባ ቀሳሚ በ1814 ሲመዘገብ «ተከዜ» ተባለ፤ በወንዛችን። አረንጓዴዋ በቀቀን «ታራንታ» ተባለች፤ ከምጽዋ ወደ ደጋው በሚያወጣው ተራራ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የመጣው ጄምስ ብሩስ ካየው አረንጓዴ ርግብ ሳይንሳዊ ስም ውስጥ ደግሞ «ዋልያ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ተቀምጧል። እነዚያ እንግዶች መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ይጠይቁ ነበር፤ የተጠየቀውም ሰው ያውቅ ነበር። ዛሬ እኔ ስጠይቅ የሚመልሱልኝ ከ70 ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው። ወፍ እንዳገሩ ይጮኻል እንላለን፤ አገሩ ግን ስሙን ረስቷል። ስለዚህ ከእናቴ ጋር ማታ ማታ ፎቶዎቹን እያየን የምታውቀውን ስም በደብተር እጽፋለሁ። «ይኼ ዋኔ ነው» ትለኛለች፤ «ይቺን በኛ አገር አላውቃትም» ትላለች፤ አንዳንዱን ደግሞ በድምፁ ካልሆነ በመልኩ አታውቀውም፤ ስልኬ ላይ አጫውትላታለሁ፣ ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች።

ዛሬ ጥቅምት 4 ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አንዲት ትንሽ ወፍ ከአውሮፓ ትመጣለች፤ ወንዱ የጥቁር ቆብ፣ ሴቷ የቡናማ ቆብ ያደረጉ ይመስላሉ። ሰሃራን ተሻግረው ወደ ደጋችን ይወርዱና ፍሬ እየለቀሙ በጋውን ይከርማሉ። አምና በጥቅምት 9፣ ካቻምና በጥቅምት 6 ነበር ኮሽሙ ላይ ያየኋቸው፤ ፎቶው ከነቀኑ አለኝ። ኮሽሙ ዘንድሮ ፍሬው ብዙ ነው። አትክልተኛው ሊያስተካክለው መጥቶ ነበር፤ እስከ ኅዳር እንዲቆየኝ ነገርኩት። ትናንት ጋሼ ከሥራ ስመለስ በር ላይ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ያ ነጭ ማተብ ያለው ርግብ ያልሽኝ፣ ዛሬ አምስት ሆነው ነበር» አሉኝ። ስንት ሰዓት ላይ እንዳዩአቸው ጠየቅኳቸውና በደብተሩ ላይ ጻፍኩት።